አመዱ ያስቀረው ሙሽራ

ባለፈው ኅዳር ነው። የዕረፍት ደወል ተደውሎ መምህራን ክፍል ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ስፖርት የሚያስተምረው ወጣቱ ባልደረባችን ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ሳቁ አመለጠው።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ። «አፋር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ባሕር ተሻግሮ ህንድ ደርሷል። አውሮፕላኖች መብረር አቁመዋል ይላል። አመድ አውሮፕላን ሲያስቆም!»

«ታዲያ የሚጠርገው ሰው ጠፋ?» አለች አንዷ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

እኔ አልሳቅሁም። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ባሻገር ጎረቤቶቻችን ቀይ ቡናቸውን በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው ያገላብጣሉ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ልጁ ፊቴን አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ «ቲቸር፣ ምነው? የተሳፈረ ዘመድ አለሽ እንዴ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። እውነቴን ነው፣ ዛሬ የለኝም። ያንን ቀልድ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ቬሎ ለብሼ፣ በመስኮት በኩል ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን የሳቁት ሰዎች በሳቃቸው ምን እንዳፈረሱ እስከ ዛሬ የሚያውቁ አይመስለኝም።

አባቴ የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። ወደ ቦንጋ የመጣው ከሰሜን ሸዋ፣ በመንገድ ሥራ፣ ገና ጎፈሬው ሳይመለጥ ነው። እዚህ አንድ ዘመድ አልነበረውም። ክረምት ላይ ማሽኑ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ እርሱም በወባ ይሁን በብርድ ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ፣ ከመንገድ ዳር አንሥተው ቤታቸው ያስገቡት ጋሽ አደሎ ናቸው። ጋሽ አደሎ የካፋ ተወላጅ፣ ንብ አርቢና የቡና ገበሬ ነበሩ። ረጅም ሰው፣ ሲሄዱ ጎንበስ የሚሉ፣ ከሁለት ቃል አንዱን የሚውጡ። አባቴ ከእናቴ ጋር ሲጋባ የወንድ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እርሳቸው ናቸው። ቤት የሠራበትንም መሬት ከገዛ ጓሯቸው ቆርሰው የሰጡት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ አጥራችን አንድ ነበር፤ እርሱም መሐሉ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረው። በዋናው በር ዞሮ የሚመጣ እንግዳ ብቻ ነው ይባል ነበር።

በማር ወቅት ሁለቱ አብረው ጫካ ይወርዳሉ። አባቴ ዛፍ መውጣት አይሆንለትም፣ ከሥር ሆኖ ገመድ ይይዛል። ጋሽ አደሎ ከላይ፣ ከቅርንጫፍ መሐል፣ በካፍኛ ይጮኹለታል። እርሱ በአማርኛ ይመልሳል። ልጅ ሆኜ ተከትያቸው ሄጄ ስሰማቸው ሁለቱ የሚነጋገሩት አንድ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። ማታ ሲመለሱ ልብሳቸው የጭስና የእርጥብ ቅጠል ሽታ አለው፤ የመጀመሪያውን የነጭ ማር እንጀራ ለእኔና ለጋሽ አደሎ ልጅ ለምትኩ እኩል ይቆርሱልናል።

ምትኩ ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። አብረን ማር ስንልስ አድገን እንዴት እንደተዋደድን አላውቅም። ሰው ነገሩን ሲሰማ አልገረመውም። ከእኛ ከሁለታችን ይልቅ የተደሰቱት ሁለቱ አባቶች ናቸው። ሽማግሌ ለደንቡ ተላከ እንጂ፣ ጋሽ አደሎ በአጥሩ ክፍተት ብቅ ብለው «ወልዴ፣ እንግዲህ ዘመድ ሆንን» ሲሉት አባቴ «ዛሬ ነው እንዴ የሆንነው?» ብሎ ሲስቅ ጆሮዬ ነው የሰማው።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ እንዲሆን ተቆረጠ። ምትኩ ያኔ በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ጥራት ክፍል ይሠራል። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው ጀርመን አገር ለአጭር የቡና ቅምሻ ሥልጠና እንደሚሄድ የተነገረው። ሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይመለሳል።

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ከሰርጉ በኋላ አይደርስም?» አለ። እንዲህ ያለበት ምክንያት ነበረው። ከሰፈራችን አንድ መምህር ለሥልጠና ብሎ አውሮፓ ሄዶ በዚያው ቀርቷል። እጮኛው በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ሰው በክርኑ እየተነካካ ያሳያት ነበር። አባቴ የእኔን ፊት በእርሷ ቦታ እያየው ይመስለኛል።

ጋሽ አደሎ ግን «የሚሄደው የኔ ልጅ ነው» አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ። አደሎ ዋስ ሆኖ ያውቃል፣ ወልዴ?»

«አያውቅም» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ይሂድ።»

ሄደ።

የዚያ ሚያዝያ ዝናቡ ቶሎ ገባ። ቦንጋን ዝናብ ሲይዛት ታውቋታላችሁ፤ ጭጋጉ ከጫካው ተነሥቶ እስከ ገበያው ይወርዳል፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ያስወልቃል። እኛ ቤት ግን ማንም ዝናቡን ልብ አላለውም። በሬው ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል፤ ጠጁ ከተጣለ ሰንብቶ መዓዛው ከማድጋው አልፎ ሳሎን ይገባል። እናቴና ሴቶቹ ጥምዝና ኮረሪማ ሲወቅጡ ቤቱ በሙሉ ያስነጥሰው ነበር። ከዋጫ ከተማ የእናቴ እህቶች መጡ። ከሸዋ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጅማ ላይ አድሮ በጭነት መኪና ደረሰ። አባቴ ይህን ወንድሙን ከጋሽ አደሎ ጋር ሲያስተዋውቀው «ይኸኛው የእናቴ ልጅ ነው፣ ይኸኛው ወንድሜ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ ነበር፣ ያኛው።

ምትኩ መድረስ በነበረበት ቀን አልደረሰም። በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይቆራረጣል።

«አማረች፣ ስሚኝ... አየር ማረፊያው ተዘግቷል... ሁሉም አውሮፕላን... ተራራ ፈንድቶ...»

«የት ነው ተራራ የፈነዳው?»

«አይስላንድ። በረዶ ያለበት ተራራ... አመዱ ሰማዩን... ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ንገሪያቸው። እኔ...»

ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር፣ ብሞክር፣ «ሊያገኟቸው አይችሉም» ይለኛል።

ስልኩን ይዤ ሳሎን መሐል ቆሜ የሰማሁትን ተናገርኩ። ስናገረው ለራሴም ተረት ተረት መሰለኝ። የበረዶ ተራራ ነደደ፤ አመዱ ሰማይ ዘጋ።

አባቴ ወደ ደጅ ወጥቶ ወደ ላይ አየ። ከዝናብ በኋላ ጥርት ያለ ሰማይ ነበር፣ እንደ ክፉ አጋጣሚ። ተመልሶ ገባ።

«እኔ ዕድሜዬን መንገድ ላይ ነው የጨረስኩት» አለ። «መንገድ በናዳ ይዘጋል፣ በጎርፍ ይቆረጣል። ሰማይ በምን ይዘጋል? ደግሞስ መንገድ ቢቆረጥ፣ መምጣት የፈለገ ሰው በእግሩ ይመጣል።»

ዛሬ ቢሆን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያሳየው ነበር። ያን ሰሞን ግን ከተማው መብራት የለውም፤ ምሰሶ ወድቋል ተብሎ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። አጎቴ በትንሿ ሬዲዮ ስለ አውሮፓና ስለ አየር ማረፊያ የሆነ ነገር ሰምቻለሁ ቢልም፣ የሥራ ማቆም አድማ ይሁን ጦርነት ለይቶ አላወቀም። ምትኩ በማኅበሩ ቢሮ በኩል ለአባቱም መልእክት አስተላልፎ ኖሯል። ጋሽ አደሎ በአጥሩ ክፍተት መጥተው ከአባቴ ጋር ጓሮ ቆሙ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። አባቴ አንገቱን ሲነቀንቅ፣ ጋሽ አደሎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ ብቻ አየሁ።

ድግሱን ማስተላለፍ አይቻልም ነበር። በሬው ታርዷል፣ እንግዳው ገብቷል፣ ድንኳኑ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው «ሙሽራው እስከ ቀትር ይጠበቅ፤ ከቀረም የመጣው ሰው በልቶ ጠጥቶ ይሂድ፣ ጋብቻው ልጁ ሲገባ ይፈጸማል» አሉ። ጥሩ ምክር ነበር። ዛሬም ሳስበው የተሻለ ምክር አይታየኝም።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቬሎውን አለበሰችኝ። «ምናልባት» አለች። የውስጠኛው ክፍል መስኮት ወደ ድንኳኑ ይከፈታል፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። የአባቴ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የዞን ሹማምንት፣ የገበያ ነጋዴዎች፣ የሰፈር ሰው፣ ድንኳኑ ሞልቷል። ቀትር አለፈ። መጀመሪያ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያወራው። ጠጁ ሲዞር ድምፁ ከፍ አለ። «ቀረ እኮ» ይላል አንዱ። «እንደ መምህሩ» ይላል ሌላው። አባቴ በየመደቡ እየዞረ «ብሉ፣ ጠጡ» ይላል፣ ከጀርባው ግን ወሬው ይከተለዋል። ጀርባውን ነበር የማየው። እየጠበበ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጋሽ አደሎ ገቡ።

ዘመዶቻቸውን አላስከተሉም። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ብቻ ከኋላቸው ናቸው። ለሰርጉ ያሰፉትን ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ ሚዜና ዘፋኝ አስከትለው ሊገቡበት በነበረው ድንኳን ውስጥ ባዶ እጃቸውን ቆሙ። መቅረት ይችሉ ነበር። አልቀሩም። ዋስ ናቸውና፣ ልጃቸው ባልቆመበት ሊቆሙ ነው የመጡት።

ለመናገር እጃቸውን አነሡ፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጋሽ አደሎ በሰው ፊት መናገር አይወዱም። አማርኛቸውም የጓሮ አማርኛ ነው፣ ከአባቴ ጋር ብቻ የሚፈታ። እንዲህ አሉ፦

«ወልዴ፣ ዘመዶች፣ ልጁ እንቢ አላለም። ሰማይ ነው እንቢ ያለ። እዚያ አገር ተራራ አለ፣ በረዶ ነው። እሱ ተቃጠለ። አመድ ወጣ፣ አመዱ ደመና ሆነ። አሮፕላን አመድ ከዋጠች ትሞታለች። ስለዚህ ልጄ...»

«አመድ ከሆነማ ይጠረጋ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ አንድ የጠጣ ሰው።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጠ። የሳቁት ክፉዎች አልነበሩም። በቀልዱም፣ በጋሽ አደሎ አማርኛም፣ ሲያስጨንቃቸው በዋለው ነገርም ነው የሳቁት። ጋሽ አደሎ ዓረፍተ ነገራቸውን ለመጨረስ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ዞረው አባቴን አዩት። አንድ ሰው ብቻ ነበር ያንን ሳቅ ሊያስቆም የሚችለው።

የአባቴ ፊት ቀልቷል። ሰው በእርሱም የሚስቅ መስሎት ይሆናል። «አደሎ» አለ፤ «ልጅህን አሽሽተህ እኔን በአገር ፊት አመድ አፋሽ ታደርገኛለህ?»

ሳቁ ቀጥ አለ።

ጋሽ አደሎ ወደ አባቴ ቀረብ አሉ። ከዚያ በካፍኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ እኔ ጋ በማይደርስ ድምፅ፣ ለአባቴ ብቻ። አባቴ ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ምን እንዳሉት ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ አልነገረኝም። ከዚያ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ይህን ደጅ ለአንተ ያሳየሁ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ግን የአደሎ እግር አይረግጠውም። በልጄ ይሁንብኝ» አሉ። እትዬ አስካለን ክንዳቸውን ይዘው ወጡ። በአጥሩ ክፍተት አልነበረም የሄዱት። በዋናው በር ዞሩ።

ጮክ ብዬ ተጣርቼ እንደሆነ አላስታውስም። እናቴ ስትይዘኝ የቬሎው ጨርቅ መስኮቱ ምስማር ላይ ተይዞ ሲቀደድ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ሰማዩ ሲከፈት ምትኩ መጣ። አዲስ አበባ እንደወረደ አውቶቡስ ይዞ፣ ጅማን አልፎ፣ ቦንጋ ሲደርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ከስቷል። በዚያን ጊዜ መብራት መጥቶ፣ ቴሌቪዥኑም ነገሩን ተናግሮ፣ አገር ሁሉ እውነቱን አውቋል። የሳቁት ሰዎች እንኳ «ለካ እንዲህ ያለ ነገር አለ» እያሉ በየሻይ ቤቱ ያወሩ ነበር። የቀለለው ለእነርሱ ነው።

ምትኩ አባቴ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። አባቴ ትከሻውን ይዞ አነሣው። «አንተ ምን አደረግህ? ተነሥ» አለው። ልጄን አልሰጥም አላለም። ድግስ ሳይኖር፣ አንድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተጋባን። አባቴ ከወንዶቹ በር በኩል፣ ጋሽ አደሎ ከወዲያኛው ጥግ ቆመው ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ በሁለት መንገድ ሄዱ።

ሽማግሌ ያልገባበት ጊዜ የለም። ጋሽ በየነ የሚባሉ፣ ስንቱን የደም ነገር ያስታረቁ ሰው፣ ከሁለቱ ቤት መሐል ተመላልሰው እግራቸው ቀጠነ። ጋሽ አደሎ አይቆጡም፣ አይሳደቡም። «እኔ አልተጣላሁም» ይሏቸዋል። «ምያለሁ እንጂ። መሐላውን የሚፈታ እርሱ ነው። ያን ቀን በሳቁት ሰዎች ፊት፣ አደሎ አልዋሸም ይበል። ይኸው ነው።»

አባቴ ደግሞ «እነዚያን ሰዎች ከየት ልሰብስብ? ግማሹ ተዛውሯል። ሌላ ሰርግ ልደግስ? ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ልስጥ?» ይላል። ጋሽ በየነ ወጣ ሲሉ ግን ገብቶ ይተኛል፤ በቀን፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

እናም እንዲሁ ኖርን። የልጆቻችንን ክርስትና ሁለት ሁለት ጊዜ ደገስን፣ አንዱን በወዲህ፣ አንዱን በወዲያ። ልጆቼ አያት ቤት መሄድ ማለት ከአንዱ ወጥቶ ዞሮ ሌላው ጋር መግባት ነው ብለው አደጉ። በአጥሩ ክፍተት ላይ ማንም ሳይዘጋው ሐረግና ግራዋ በቀለበት። በማር ወቅት አባቴ ደጅ ቆሞ ወደ ጫካው ያያል። ጋሽ አደሎ ገመድ የሚይዝላቸው የእህታቸውን ልጅ ይዘው ይወርዳሉ፤ ምትኩ እንዳለው ግን ከላይ ሆነው መጮኽ ትተዋል። ሥራቸውን ሠርተው ዝም ብለው ይወርዳሉ።

አባቴ ስማቸውን አይጠራም፤ «ከወዲያ ቤት ሁሉ ደህና?» ይለኛል። እኔም «ደህና ናቸው» እላለሁ። ጋሽ አደሎም በተራቸው «ያ ሰውዬ ጉልበቱን ይታመም ነበር፣ ተሻለው?» ይሉኛል። ስንት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለስኩ! በባዶ እጄ ሄጄ አላውቅም፤ ሸንኮራ ነው፣ ጎመን ነው፣ የተቆላ ቡና ነው። የሚያስፈልጋቸውን ግን ልወስድላቸው አልቻልኩም።

ጋሽ አደሎ ሲደክሙ የቦንጋውን ቤት ለታናሽ ልጃቸው ትተው ወደ ቢታ ገነት በኩል፣ ወደ አባታቸው የቡና መሬት ሄዱ። አንድ ክረምት መታመማቸው ተሰማ። አባቴ ያን ቀን ምሳውን አልበላም። ከምሽቱ በፊት ጠርቶኝ አንድ ቅል ነጭ ማር ሰጠኝ። «ስትሄጂ ውሰጂለት» አለ።

እኔና ምትኩ ሄድን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ግማሹን በሞተር፣ ግማሹን በእግራችን ነው የደረስነው። ጋሽ አደሎ ከምድጃው አጠገብ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ያ ሁሉ ቁመት የት እንደገባ! ማሩን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«የወልዴ ነው?»

«አዎን፣ አባባ።»

ደግመው ቀመሱ። «ራሱ ለምን አላመጣውም?» አሉ።

ይህን ቃል ይዤ እየበረርኩ ነው የተመለስኩት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሁለቱ አፍ የወጣ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረምና። ለአባቴ ስነግረው ዓይኑ እንባ ሞላ። ተነሥቶ ከዘራውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «እሄዳለሁ» አለ። «እንዴት አልሄድም? መንገዱ ትንሽ ይድረቅ እንጂ። መኪና አያስገባም ብለሽ የለ? ጉልበቴ ደግሞ... መስከረም ይጥባ፣ ክረምቱ ይውጣ።»

ያኔ ሳሎን ቆሞ ስለ ተቆረጠ መንገድ የተናገረው ትዝ አለኝ። ምን እለዋለሁ? አባቴ ነው፣ ጉልበቱም በእርግጥ ታሞ ነበር። 

ጋሽ አደሎ ነሐሴ ላይ ዐረፉ። አባቴ ለቀብር ሄደ። በቅሎ ተከራይተንለት፣ ዝናብ እየመታው፣ ግማሽ መንገድ ወርዶ በእግሩ እየሄደ ደረሰ። ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ቆመ። ለቅሶ ደራሹ ቦታ ቢለቅለትም አልቀረበም። መሐላው በሞትም ያልተፈታ መስሎት ይሆናል።

ይኼው ነው ታሪኩ። ሰው ሲሰማው «ታዲያ ከምትኩ ጋር ተጋባችሁ አይደል? መልካም ነው» ይለኛል። መልካም ነው። ባሌን እወደዋለሁ፣ ልጆች አሉን፣ ቤታችን ሰላም ነው። ነገር ግን ጋብቻው እኮ የሁለታችን ብቻ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች ልጆቻቸውን ሲድሩ የራሳቸውንም እርጅና አብረው እያዘጋጁ ነበር፤ በአንድ ጓሮ ተቀምጠው የአንዱን ልጅ ልጅ ሌላው ሲያቅፍ። እኛ አገኘን፣ እነርሱ አጡ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ምትኩም ከሥራ ሲመለስ እዚያው መጣ። አባቴ ሰማንያን ተሻግሯል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ይቀመጣል። ምትኩ ስልኩን አውጥቶ ከአፋር የተነሣውን ቪዲዮ ያሳየኝ ጀመር። ግዙፍ ጥቁር ደመና ከምድር ተነሥቶ ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ የአየር ማረፊያ ታየ፣ ሻንጣቸውን ተንተርሰው መሬት ላይ የተኙ ሰዎች።

«ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

ምትኩ ወደ እኔ አየ። ቤታችን ውስጥ ይህን ነገር ለአባቴ አንሥቶለት የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወንበሩን አቅርቦ ስልኩን አባቴ ፊት ያዘለት፣ ምን እንደሆነም ነገረው። አባቴ ዓይኑን አጥብቦ እስከ መጨረሻው አየ።

«ያኔም እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር፣ አባባ።»

«አንተም እንዲህ ተኛህ? መሬት ላይ?»

«ተኝቻለሁ። ካርቶን አንጥፌ።»

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ጠይቆት አያውቅም። የጋቢውን ጥለት በጣቶቹ ሲያሻሽ ቆየ።

«ለአባትህ ነግረኸው ነበር? እንዴት እንደተኛህ፣ ምን እንዳየህ?»

«እንደገባሁ ዕለቱን ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

ምትኩ ስልኩን ዘጋ። ሊያስቀርለት ፈልጎ እንደነበር አውቃለሁ፤ አባቴ ግን ዓይኑን ከእርሱ አልነቀለም።

«ሳቀ» አለ ምትኩ። «ካርቶኑን ስነግረው፣ ነጮቹ ከእኔ ጋር ተሰልፈው ሲተኙ ስነግረው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። 'ይህን ለወልዴ...' አለ። ትዝ ሲለው ቆመ። ተመልሶ ተቀመጠ።»

አባቴ አላለቀሰም። ፀሐዩ ከበረንዳው እየሸሸ ነበር፣ እናቴ ከውስጥ ብርድ ነው ግባ ትለዋለች፤ አልሰማትም። እኔ ያኔ የገባኝ፣ ሁለታቸውም መሐላውን የረሱበት አንድ ቅጽበት እንደነበር ነው። ጋሽ አደሎ በዚያች ሁለት እርምጃ ረስተውት ነበር። አባቴም አሁን፣ በዚህ ጥያቄው። አንዱ ሲረሳ ሌላው እያስታወሰ፣ ሌላው ሲረሳ አንዱ መሬት ገብቶ፣ ቅጽበታቸው አልገጠመም። ሰው የሚታረቀው በሽማግሌ ብዛት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አንድ የሚያስቅ ነገር ሲሰማ «ይህን ለእገሌ» ብሎ ተነሥቶ፣ ሳይቆም እስከ መጨረሻው መሄድ ብቻ ይበቃ ነበር።

«ድገመውና አሳየኝ» አለ አባቴ። ምትኩ ስልኩን ከፈተለት። ጥቁሩ ደመና እንደገና ተነሣ። አባቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በካፍኛ አንድ ነገር ተናገረ። ለእኛ አልነበረም።